ዘጠና ዘጠኝ ወፎችና አንድ ቀይ መስመር

ባለፈው ጥቅምት ለሦስት ቀን ሥልጠና ሀዋሳ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለነበር ሁለቱን ቀን ከተማዋን ያየኋት በባጃጅ ሳልፍ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን በማለዳ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ውሃው ዳር ስደርስ የርጥብ ደንገልና የዓሣ ቅርፊት ሽታ አንድ ላይ ሆኖ መጣብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ቆሜ ደጋግሜ ሳብኩት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሙሉ ዓመት ማለዳ ማለዳ የሸተተኝ ይኸው ሽታ ነው። ያን ዓመት ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር የወፎች መዝገብ እንይዝ ነበር።

ጋሽ ዳንጊሶ ሀዋሳ ውስጥ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። እናቴ ከከምባታ መጥታ ሀዋሳ የኖረች ልብስ ሰፊ ነበረች። የምናድርባትን አንድ ክፍልና የስፌት መኪናዋን የምታቆምባትን በረንዳ የተከራየነው ከእሳቸው፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው በወር ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ የግቢው አባወራ ለእኔ ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም ቢሆን ኮታቸውን የማያወልቁ፣ አማርኛውን እየመረጡ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ ሲዳሙ አፎ ይገቡ ስለነበር በምን እንደተቆጡ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

ፎቶ ቤታቸው በሠርግና በምርቃት ፎቶ የታወቀ ነበር ይባላል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ሰዉ ሁሉ በስልኩ ማንሳት ጀምሮ ነበርና፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት የሚቆም ጠፍቶ የቀረው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ለመታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለፓስፖርት።

አንድ ቀን፣ ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የወደቁ መርፌዎችን በማግኔት ስለቅም ጋሽ ዳንጊሶ ለእናቴ ሲያወሩ ሰማሁ። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው እንደሆነና የዘንድሮን ወፎች ጉርድ ፎቶ ብቻቸውን ማንሳት እንደማይሆንላቸው ነበር የሚነግሯት። "የልጅቷን ዓይን ለማለዳ ማለዳ አበድሪኝ" አሏት።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "የወፎች ጉርድ ፎቶ" የሚለውን ነው። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ እንደሆነ አውቃለሁ። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ እንደሆነም አውቃለሁ። ስለዚህ ቀበሌው ለወፎች መታወቂያ መስጠት ጀምሯል ብዬ አመንኩ። ሌሊቱን ያሳሰበኝ የአባ ኮዳ ጉዳይ ነበር፤ ያ ትልቁ፣ ራሰ በራው፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እንደሚሄድ ጡረተኛ የሚንጎራደደው ወፍ የቤት ቁጥሩን ሲጠይቁት ምን ብሎ ያስሞላል?

እናቴ ወዲያው አልፈቀደችም። ሥራ የሚያግዛት ሌላ ሰው አልነበራትምና የእኔ ማለዳ ለእሷም ዋጋ ነበረው። በመጨረሻ "ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም፤ ለመስከረም እናያለን" ብላ ለቀቀችኝ።

መዝገቡን ያሳዩኝ በማግስቱ ነው። ደረቅ ልባስ ያለው፣ በመሥሪያ ቤት የሚታይ ዓይነት ትልቅ መዝገብ ነበር። በየገጹ ሠንጠረዥ አስምረውበታል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የታየበት ቀን፣ የታየበት ቦታ፣ ልዩ ምልክት። በስተቀኝ በኩል የወፉ ፎቶ ልክ እንደ ሰው ጉርድ ፎቶ ተቆርጦ ተለጥፏል። መደርደሪያው ላይ እንዲህ ያሉ አምስት መዝገቦች ነበሩ፤ የአምስት ዓመት። የእኛው ስድስተኛው መሆኑ ነው።

ለምን እንደጀመሩት ሲነግሩኝ፣ ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው የወፍ ፎቶ ሊያሳትም ወደ ሱቃቸው መጥቶ እንደነበር አወሩኝ። ሰውየው እያንዳንዱን ወፍ በስሙ እየጠራ፣ የቱ ደንገል ውስጥ እንደሚያድር፣ የቱ ከየት እንደመጣ ሲዘረዝር እሳቸው ቆመው አዳመጡ። "እዚህ ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ የቤቴን ዕቃ እንግዳ ቆጠረልኝ" አሉ። ሰውየው ሲሄድ የወፎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም በሳምንቱ የመጀመሪያውን መዝገብ ገዙ።

የመዝገቡ ዓመት የሚጀምረውም የሚያልቀውም በፊቼ ነበር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ አይውልም፤ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው የሚያውጁት። ስለዚህ መዝገቡ የተከፈተበትን ቀን እናውቃለን፣ የሚዘጋበትን ግን አናውቅም። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ያየነውና ያነሳነው ብቻ ይገባል። የታየ ግን ያልተነሳ አይገባም፤ ሰው አየሁ ብሎ የነገረንም አይገባም። እስከዚያ ድረስ ትልቁ ዓመታቸው ዘጠና አንድ ወፍ የያዘው ነበር። መቶ የሚባለውን ቁጥር ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

በክረምቱ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላው ለካሜራው ነው፤ እኛ እንበሰብሳለን። እሳቸው ወፉን በጆሮ ያገኙታል፣ እኔ በዓይን እፈልገዋለሁ። "ከግራሽ፣ ከሾላው በታች" ይላሉ ቀና ሳይሉ፤ ስመለከት እዚያው አለ። ከዚያ ምን እንደሚመስል እጠየቃለሁ። ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ መጀመሪያ ሳየው፣ ደረቱ ላይ እንደ ፓስተራችን ጥቁር ከረባት አስሯል አልኳቸው። በሐይቁ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ የሚራመደውን ረጅም ጣታም ወፍ ደግሞ የእናቴን ጫማ አድርጌ ቤት ውስጥ እንደምሄደው ነው የሚሄደው አልኳቸው። እንዲህ ያለውን ሳይስቁ ይቀበሉኝ ነበር። የማይቀበሉት "መሰለኝ" የሚለውን ቃል ነው።

"መሰለኝ ቤትሽ ይቀመጥ" ይሉኛል። "እዚህ ያየሽውን ብቻ አምጪ።"

እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ከሐምሌ በኋላ ካሜራውን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ማሰሪያውን አንገቴ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመውልኝ፣ ከመጫኔ በፊት ትንፋሼን እንድይዝ አስተማሩኝ። የመጀመሪያ ሃያ ፎቶዎቼ ሰማይና ጭራ ነበሩ። ነሐሴ ላይ ጀልባ ጫፍ ላይ የቆመ የዓሣ ንስር፣ ነጭ ራሱን ወደኋላ ጥሎ አፉን ከፍቶ ሲጮህ አነሳሁ። ጋሽ ዳንጊሶ ኮምፒውተሩ ላይ ፊታቸውን አስጠግተው ብዙ አዩት። ሁለት አተሙ፤ አንዱን ለመዝገቡ፣ አንዱን በትልቁ ለሱቁ መስታወት። ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየዋል። እኔም ውሃ ልቀዳ ባልሄድበት ቀን ሁሉ ባልዲ ይዤ በዚያ አልፍ ነበር።

ዓሣ አጥማጆቹ ለመዱን። ከሩቅ ሲያዩን "የወፍ ቀበሌ መጣ" ይባባላሉ። ያኔ የመታወቂያው ነገር እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ቢሆንም ስማችን ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ሲገባ የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እናቴ ማለዳውን ሳትወድ ተወችልኝ። በዚያው ሰሞን ክረምት ያልነበሩ ወፎች ሐይቁን ሞሉት። ለአዲስ ዓመት የመጡ እንግዶች ናቸው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጋሽ ዳንጊሶ ከባሕር ማዶ፣ ብርድ ካለበት አገር እንደሚመጡ ሲነግሩኝ ለትልልቆቹ ተቀበልኩ። ግን አንዲት ቢጫ፣ ከጣቴ ብዙም የማትበልጥ፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትወዘውዝ ወፍ ነበረች። አባቴ በዚያ ትልቅ መኪና ጂቡቲ ደርሶ ለመመለስ ሳምንት ይፈጅበታል፤ እሷ ባሕር ተሻግራ መጣች የሚለውን ለረጅም ጊዜ ለትንሽ ልጅ የሚነገር ነገር አድርጌ ነው የያዝኩት።

ከእንግዶቹ ጋር ቁጥራችን ሮጠ። በኅዳር ሰማንያ አለፍን። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ታቦር ተራራ ወጥተን ሁለት ዓይነት ጭልፊት አንስተን ዘጠና አንዱን ተሻገርን። ያን ቀን ስንወርድ ጋሽ ዳንጊሶ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ ሰላም ይሉ ነበር። ጥር አጋማሽ ላይ ዘጠና ዘጠኝ ደረስን። እዚያው ቆምን።

ሦስት ሳምንት በየማለዳው ወጣን። ያው ከረባታሙ፣ ያው ጋጋኖ፣ ያው ዳክዬ። ጋሽ ዳንጊሶ ማታ ማታ የወፎቹን መጽሐፍ በማጉያ መነፅር ሲያገላብጡ አያቸዋለሁ። ሞራው እየወፈረ ነበር። የከርሞውን መዝገብ ማየት እንደማይችሉ የሚያስቡ መሰለኝ። እኔ መቶኛውን ልሰጣቸው ፈለግኩ። ይህን ያህሉ ለእሳቸው ነበር፤ የቀረው ለራሴ ነው። መቶኛውን ያገኘች ልጅ ተብዬ ልጠራ ፈልጌ ነበር።

ፊት ለፊታችን ያለው መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። የዚያ ወር ሥዕል ውሃ ላይ የቆመ ሮዝ ፍላሚንጎ ነው። አንድ ከሰዓት እናቴ የራስ ምታት ኪኒን ስትልከኝ ካሜራውን ይዤ ገባሁ። ሻጯ ወደ ጓዳ ስትገባ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁት።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ ዳንጊሶ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተቀምጠው ሳለ ደንገሉን ዞሬ ተመለስኩና፣ ከሸምበቆው ወዲያ ጥልቅ ያልሆነው ውሃ ላይ አንድ ፍላሚንጎ አየሁ፣ አነሳሁትም አልኳቸው። እየተቻኮልን ቤት ገባን። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

"ሮዝነቱን አየሁት" አሉ።

ቆርጠው ለጠፉት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተራ ቁጥር መቶ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ወጡና ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለሻይ ቤቷ፣ ለመድኃኒት ቤቷ ሻጭ ሳይቀር ነገሩ። እናቴ ስፌቷን አቁማ ጉንጬን ሳመችኝ።

በማግስቱ እሑድ ስለሆነ ቸርች ነበርን። ሰኞ ማለዳ ቀድመውኝ ተነሥተው ጠበቁኝ። በዓይናቸው ሊያዩት ነው። ቦታውን አሳየኋቸው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ከሸምበቆው ወዲያ ትንሽ ቢጠጉ ሮዙ እንደሚታያቸው ነው ያሰቡት። ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ባዶውን ሐይቅ ይመለከታሉ። ማለዳው ብርድ ነበር። ሲያስሉ ሰማኋቸው።

"ጋሼ፣ ይውጡ" አልኩ። "የለም።"

"ምኑ ነው የሌለው?"

"ፍላሚንጎው። መድኃኒት ቤት ካለው ካላንደር ላይ ነው ያነሳሁት።"

ፊታቸውን አላዞሩም። እጃቸውን ወደኋላ ዘረጉልኝ፤ ይዤ አወጣኋቸው። ጫማቸውን ሲያጠልቁም፣ መንገዱን ሁሉም አንድ ቃል አልተናገሩም። ወደ ሲዳሙ አፎ ገብተው እንዲቆጡኝ ተመኘሁ። እሱንም አላደረጉም።

ሱቁ ስንደርስ መዝገቡን፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። ገጹን ቀድደው እንዲያወጡት ለመንኳቸው።

"መዝገብ አይቀደድም" አሉ። "ገጽ የጎደለውን መዝገብ ማን ያምነዋል? ይሰረዛል፤ ለምን እንደተሰረዘም ይጻፋል።"

ማስመሪያውን ይዘውልኝ መስመሩን እኔ ሰረዝኩ። ከዚያ ምክንያቱንም ራሴ እንድጽፍ እስክሪብቶውን እጄ ላይ ተዉት። እንዲህ ጻፍኩ፦ "ይህ ወፍ አልታየም። ፎቶው የካላንደር ነው። የዋሸሁት እኔ ጸጋ ነኝ።" 'ነኝ' የምትለዋ ላይ ቀለሙ በእንባ ተሠራጨ።

እሳቸው ደግሞ ተነሥተው ወጡ። በረንዳው ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገቡ፣ ሻይ ቤቷ ገቡ፣ መድኃኒት ቤቱ ገቡ። ሁሉም በር ላይ ሲናገሩ ይሰማኝ የነበረው አንድ ነበር፤ ፍላሚንጎው እንዳልታየ፣ ቁጥሩ ዘጠና ዘጠኝ እንደሆነ። "ተሳስተናል" ነበር የሚሉት። "ተሳሳተች" ብለው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰባት ቀን አልጠሩኝም። እናቴ ነገሩን ሰምታ አልገረፈችኝም፤ ግን ማለዳውን የልብስ ቁልፍ ስታስተክለኝ አንገቴን እንዳቀረቀርኩ ዋልኩ። በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ዳንጊሶ ካሜራውን ይዘው ቆመዋል። ማሰሪያውን እንደ መጀመሪያው ቀን አንገቴ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙልኝ፤ ሄድን። ስለ ነገሩ ከዚያ በኋላ እሳቸው አላነሱትም።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ጉዱማሌን አረንጓዴ አደረገው። ፊቼ የሚከበርበት ያ ሰፊ ሜዳ በሌላው ጊዜ ባዶ ነው። አንድ ማለዳ ስንደርስ ነጫጭ ሽመላዎች ሞልተውታል፤ ረጅም ቀይ እግር፣ ረጅም ቀይ ምንቃር፣ ሣሩ ውስጥ አንበጣ እየለቀሙ። ሽመላ ጥቅምት ላይ ስለመዘገብን ለቁጥራችን የሚጨምሩት አልነበረም። ልናልፍ ስንል አንዱ እግሩ ላይ የሆነ ነገር አየሁ።

ቀለበት የማውቀው ባለ ትዳር ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ለጋሽ ዳንጊሶ በቁም ነገር "ይኼኛው አግብቷል" አልኳቸው። ከፍላሚንጎው ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ ግን ሳቁን ቶሎ አቆሙና ክንዴን ያዙኝ። ቀለበቱ ላይ ጽሑፍ እንዳለ ጠየቁኝ። አለ፤ ግን አይነበብም። ያ መጽሐፉን የተወላቸው የውጭ አገር ሰው አጫውቷቸው ኖሮ፣ በሩቅ አገር ሰዎች ጫጩቶችን ቀለበት እያሰሩ እንደሚለቁ፣ የት እንደደረሱም ለማወቅ እንደሚጠብቁ ነገሩኝ።

"አንብቢልኝ" አሉ። "እኔ አልችልም። መሰለኝ እንዳትዪኝ።"

ሽመላው ሰው ሲጠጋው አሥር እርምጃ ይሸሻል። በእግሬ አልሆነም፤ በጉልበቴ ሄድኩ፤ በመጨረሻ በደረቴ ተኛሁ። ለትምህርት ቤት ቀድሜ የለበስኩት ዩኒፎርም ነበር። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጉንዳንም ነበረበት። ቀለበቱ እግሩን ስለሚዞር በአንድ ጊዜ የሚታየው አንዱ ፊደል፣ ቢበዛ ሁለቱ ነው። ወፉ በዞረ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ እጫናለሁ። ባትሪው ቀይ ማብራት ሲጀምር ሽመላው ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሱቅ ገብተን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትን። እሳቸው ስለማያዩት እኔ እያነበብኩ እሳቸው ይጽፉ ነበር። ከአንድ ፎቶ ሁለት ፊደል፣ ከሌላው አንድ ቁጥር፤ አንዱን በሌላው እያመሳከርን ዙሩን ዘጋን። አንዱ ቁጥር ስምንት ይሁን ሦስት ለይቼ ለመናገር ዐሥራ አንድ ፎቶ አየሁ። ስምንት ነበር። ያን ቀን ትምህርት ቤት ሳልሄድ ቀረሁ፤ ዩኒፎርሙን ያየችው እናቴም ከዚህ ወዲያ ወፍ የሚባል ነገር በቃ አለች።

ጋሽ ዳንጊሶ በማግስቱ መጡና እናቴን አንድ ቀን ብቻ እንድትፈቅድ ለመኗት። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ስትመጣ የሚያውቋት መምህርት ሰላማዊት የምትባል የባዮሎጂ መምህር ነበረች። ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለን ቢሮዋ ሄድን። የቀለበቱን ጉዳይ ስትሰማ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥሎ እሳቸውን። እንዲህ ያለ ቁጥር ለባለቤቶቹ የሚላከው ያነበበው ሰው እርግጠኛ ሲሆን እንደሆነ፣ አንድ ፊደል ከተሳተ የሌላ ወፍ ታሪክ እንደሚበላሽ በትሕትና አስረዳችን። ልጅ ነች ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

መዝገቡን ግን ከፈተችው። ገጽ በገጽ ሄደች፤ እየቆየች፣ እየተመለሰች። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የት ላይ እንደቆመ ሳላይ አወቅሁ።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

ጋሽ ዳንጊሶ ሊመልሱልኝ ይችሉ ነበር። ለእኔ ተዉት። እኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ መድኃኒት ቤቱን፣ ካላንደሩን፣ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ውሃ ውስጥ የቆሙትን። መምህርት ሰላማዊት መዝገቡን አልዘጋችውም።

"እኔ ተማሪዎቼን ይህን ለማስተማር አራት ዓመት ይፈጅብኛል" አለች ለጋሽ ዳንጊሶ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "በይ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ። የምልከው ባነበብሽው ነው" አለችኝ።

አነበብኩላት። ስንወጣ ጋሽ ዳንጊሶ መዝገቡን ለእኔ አስያዙኝ፤ ከባድ ነበር፤ ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ ለማንም አልሰጠሁም።

መልሱ ሳምንታት ፈጀ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መምህርት ሰላማዊት ራሷ የታተመ ወረቀት ይዛ በረንዳችን ላይ ተገኘች። ጋሽ ዳንጊሶን ከሱቅ አስጠራች፤ ቆመን ሰማናት። ሽመላው ከሰባት ዓመት በፊት ፖላንድ የሚባል አገር፣ አንድ የገበሬ ጎተራ ጣሪያ ላይ ካለ ጎጆ ውስጥ በጫጩትነቱ ቀለበት ታስሮለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተ ወይ ኖረ የሚል ወሬ አልነበረም። ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት መስመር ነበር፤ አንዱ የተወለደበት መንደር፣ ሁለተኛው የታየበት ቦታ፣ ሀዋሳ። ሀዋሳ ከሚለው ቃል አጠገብ "ያየው ሰው ስም" ይላል፤ የእኔ ስም ከነአባቴ።

ጋሽ ዳንጊሶ "ድገሚልኝ" አሏት፤ ደገመችላቸው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ ክረምት ሲገባ ዓይናቸውን እንደሚታከሙ ተናገሩ። ሐኪም ከሁለት ዓመት በፊት ነግሯቸው ኖሯል፤ ፈርተው ነበር ያቆዩት።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ሐሙስ በቸርቻችን የሴቶች የጸሎት ፕሮግራም ላይ ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሣች። ሰው ፊት መናገር የማትወድ ሴት ናት። ሌሎቹ ስለ ፈውስና ስለ ልጅ መመለስ ሲመሰክሩ፣ እናቴ ስለ አንድ ሽመላ መሰከረች። ሰባት ዓመት የጠፋውን ፍጥረት እግዚአብሔር በሰማይ መንገድ ጠብቆ እንዳመጣው፣ ልጇም ጭቃ ላይ ተኝታ ስሙን እንዳነበበችለት ተናገረች። በጭቃው የተቆጣችው እሷ መሆኗን አልዘለለችውም። ሴቶቹ "አሜን" አሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ እግሬ መሬት አይነካም ነበር፤ ወንበሩ ረጅም ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም።

ፊቼ የታወጀው ግንቦት ላይ ነው። በዋዜማው ማለዳ ለመጨረሻ ጊዜ ሐይቁን ዞርን፤ አዲስ አላገኘንም። ሱቅ ተመልሰን ጋሽ ዳንጊሶ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ከፈቱ። እናቴ ከትርፍራፊ ጨርቅ ሰማያዊ ሽፋን ሰፍታለት ነበር። ከመጨረሻው ወፍ በታች ሁለት መስመር አሰመርኩ፤ እሳቸው እያሉኝ ድምሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፍኩ፤ ዘጠና ዘጠኝ። ከስድስቱ ዓመት ሁሉ ትልቁ ነው። መቶ አለመሙላቱ ይቆጫቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"አንድ በአንድ የምምልለት ዘጠና ዘጠኝ ነው" አሉ። "እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረኝም።"

ፈረሙ። የፎቶ ቤቱን ማህተም እፍ ብለው አተሙበት። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩትና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

"ፈርሚ" አሉኝ።

ፊርማ አልነበረኝም። ፊርማ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ የመኪናውን ወረቀት ሲፈርም አይቻለሁ። ይህንኑ ነገርኳቸው። እንግዲያው አሁን ይኑርሽ ብለው አሮጌ ጋዜጣ አስቀመጡልኝና ደንበኛ ሲመጣ "ቆዩ፣ ሥራ ላይ ነን" እያሉ ጠበቁኝ። ጋዜጣው ጠርዝ እስኪሞላ ሞከርኩ። በመጨረሻ ስሜን በ'ጸ' ጀምሬ፣ የመጨረሻውን ፊደል እግር ወደ ቀኝ ረዘም አድርጌ ስቤ፣ ከሥሩ አንድ ነጥብ አሳረፍኩ። ጋሽ ዳንጊሶ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን የት የት እንደጫነው ለማወቅ ይመስለኛል። ይሁን አሉ። ከእሳቸው ፊርማ ጎን፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ሳልንቀጠቀጥ ፈረምኩ።

እስከ ዛሬ ስሜን የማኖርበት ወረቀት ሁሉ ላይ የምፈርመው ያንኑ ነው።